አላርሙ «ኦፍ» ሄደ

አሜሪካ በገባሁ በ7ኛው ወር በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራው ባብዛኛው ከእንቅልፍ ጋር መታገል ነበር። አንድ ሌሊት ግን ከ9 ሰዓት በኋላ የእሳት አደጋ አላርሙ ሕንፃውን በጩኸት ናጠው፤ በኋላ እንደ ታወቀው፣ 3ኛ ፎቅ ላይ ያለ እንግዳ ማይክሮዌቭ ውስጥ የከተተውን ፈንዲሻ አሳርሮት ኖሯል። ወዲያው የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። የደወለው ቤቱ ተኝቶ የነበረው የጥገና ኃላፊ ሲሆን፣ መልእክት በሞባይሉ ደርሶት ኖሮ «ዲድ ዚ አላርም ጎ ኦፍ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ «ኖ ሰር! ኢት ዲድ ኖት ጎ ኦፍ! ኢት ኢዝ ስቲል ኦን!» ብዬ ጮኽኩ። ሰውዬው ጥቂት ዝም አለና፣ ታዲያ ይህ በስልኩ ውስጥ የሚሰማኝ ምንድን ነው አለኝ። «ዚ አላርም» አልኩት፤ አልጠፋም፣ እየጮኸ ነው እያልኩህ እኮ ነው በሚል የትዕግሥት ድምፅ።

እሱ የጠየቀኝ «አላርሙ ጮኸ ወይ?» ብሎ ነበር። እኔ የሰማሁት «አላርሙ ጠፋ ወይ?» ሲለኝ ነው። ሁለታችንም እንከን የሌለው እንግሊዝኛ እየተናገርን፣ ያ ሁሉ እንግዳ በፒጃማው ደረጃውን እየወረደ ሳለ፣ ሳንግባባ ቆየን።

እንግሊዝኛ ለእኔ አዲስ ቋንቋ አልነበረም። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ተምሬዋለሁ፤ ከ9ኛ ክፍል ወዲያ ታሪኩም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነበር። «ኦፍ»ን ደግሞ ከትምህርት ቤትም በፊት አውቃታለሁ፤ በቤታችን ሬዲዮ ማብሪያና ማጥፊያ ላይ «ኦን» እና «ኦፍ» ተብሎ ተጽፎ ነበርና። ስለዚህ «ኦፍ» ማለት ጠፋ ማለት ነው ብዬ ኖሬአለሁ። መብራት ሲሆን እውነትም እንዲያ ነው። ጠመንጃም ቦምብም ሲሆን ግን «ጎ ኦፍ» ማለት ተኮሰ፣ ፈነዳ ማለት ነው። እንግሊዞች ወተት «ጎ ኦፍ» አደረገ ካሉ ተበላሽቷል ማለታቸው ነው።

ይህን የሚያህል ተቃራኒ ነገር በአንዲት ቃል እንዴት ይታጨቃል እያልኩ ብዙ ተብሰልስያለሁ። የገላገለኝ መዝገበ ቃላት አልነበረም፤ «ባረቀ» የሚለው የራሳችን ቃል ነው። ጠመንጃ የሚባርቀው ተወጥሮ የተያዘ ነገር ስላለው ነው፤ ያ የተያዘው ሲለቀቅ፣ ከያዘው ነገር ሲላቀቅ፣ ድምፁ ይወጣል። አላርምም እንደዚሁ ነው፤ ቀንና ሌሊት ዝም ብሎ ተወጥሮ ይጠብቃል፣ ጭስ ሲነካው ይባርቃል። «ኦፍ» ከሥሯ የምትለው መላቀቅን ብቻ ነው። መብራቱ ከመብራት ሁኔታው ተላቀቀ፣ አላርሙ ከዝምታው ተላቀቀ። ባለሙያ በሌላ መንገድ ያስረዳው ይሆናል፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልተሳሳትኩም።

መስተዋድድን በትምህርት ቤት የተማርነው በባዶ ቦታ ሙላ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር መሀሉ ላይ ተቦርቡሮ ይቀርብና ከሥሩ አራት ትናንሽ ቃላት ይደረደራሉ፤ «ኢን»፣ «ኦን»፣ «አት»፣ «ባይ»። «ዲፔንድ» ካለ «ኦን»፣ «ኢንተረስትድ» ካለ «ኢን» እያልን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን እንወጣዋለን። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የጠየቀ ተማሪ አላስታውስም፣ እኔም አልጠየቅሁም። የአማርኛው «በ» ደግሞ ለችግሩ መባባስ ትልቅ አስተዋጽኦ አለው። በ2 ሰዓት፣ በሰኞ ዕለት፣ በሰኔ ወር እንላለን፤ በመኪና መጣ፣ በቢላዋ ቆረጠ፣ በግድ ፈረመ እንላለን። አንዲት ፊደል ይህን ሁሉ ትሸከማለች። እንግሊዝኛ ግን የጊዜውን ብቻ እንኳ በሦስት ይከፋፍለዋል፤ ሰዓቱ እንደ ነጥብ ስለሚታይ «አት»፣ ዕለቱ ነገር የሚቀመጥበት ገበታ ይመስል «ኦን»፣ ወሩና ዓመቱ እንደ ዕቃ መያዣ «ኢን»። ከዚያ «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ብሎ ሲያበቃ ለሌሊቱ «አት ናይት» ይላል፤ እዚህ ላይ ምክንያት መፈለግ ድካም ነው፣ መልመድ ብቻ ነው።

አማርኛ «በ»ን እንዲህ ልቅ ያደረገው ሌላ ረዳት ስላለው ይመስለኛል። ትክክለኛውን ቦታ መንገር ስንፈልግ ከስሙ በኋላ «ላይ»፣ «ውስጥ»፣ «ሥር»፣ «አጠገብ» እንጨምራለን፤ በሳጥኑ ውስጥ፣ ከአልጋው ሥር። ስሙን ከፊትም ከኋላም እናቅፈዋለን ማለት ነው። እንግሊዝኛ ሁሉንም ከፊት ያስቀድማል፤ ከፊት ያለችውን ቃል ያልሰማ ሰው ከኋላ የሚያነሳው ነገር የለም።

ሌላው የአገራችን ስሕተት መስተዋድዷን ጭራሽ መዝለል ነው። «ጠብቀኝ» እና «ስማኝ» በአማርኛ ያለ ምንም ድልድይ ሰውየውን ቀጥታ ይይዛሉ፤ ስለዚህ «ዌት ሚ» እና «ሊስን ሚ» እንላለን፣ «ፎር» እና «ቱ» ቀርተው። በተቃራኒው «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ» ላይ የማያስፈልጋትን «አባውት» እንጭንባታለን። ከባሏ ጋር ተጋባች የሚለውም «ማሪድ ዊዝ» ይሆናል፤ እንግሊዝኛ የሚፈልገው ግን «ቱ» ነው። እነዚህን ማረም ከባድ አይደለም፤ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቢነግርህ ይበቃል። ችግሩ ሰው አይነግርህም፤ ሐሳብህ ስለሚገባው ያልፍሃል።

ፍሬዛል ቨርብ የሚባለው፣ ግሥ ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ አዲስ ትርጉም የሚያወጣበት ጉዳይ ግን በአንድ ጊዜ እርማት የሚያልቅ አይደለም። በሆቴሉ የመጀመሪያ ዓመቴ አንድ እንግዳ ከክፍሉ ዕቃ እንደ ጠፋበት ሲነግረኝ «አይ ዊል ኢንቨስቲጌት» አልኩት። አጠገቤ የነበረችው ባልደረባዬ ሰውየው እስኪሄድ ጠብቃ በሳቅ ፈረሰች፤ ዳኛ መሰልክ አለችኝ። እሷ ብትሆን «አይል ሉክ ኢንቱ ኢት» ትል ነበር። ያን ጊዜ ነው የኔ እንግሊዝኛ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ያየሁት። ለማራዘም «ፖስትፖን» አውቃለሁ፣ «ፑት ኦፍ» ግን አይመጣልኝም። ለመታገሥ «ቶለሬት» አለኝ፣ «ፑት አፕ ዊዝ» የለኝም። ለማጥፋት «ኤክስቲንጉዊሽ» የሚለውን እስከ ፊደል አጻጻፉ እችላለሁ፤ «ፑት አውት» ሲሉ ግን ምን የት እንደሚያስቀምጡ ግራ ይገባኛል። አንድ ፈረንጅ ቅቅል ቤት ገብቶ አስተናጋጇን «ምግብ መመገብ እሻለሁ» ቢላት እንደሚሆነው ነው። አልተሳሳተም፤ ግን ያልተጠበቀ ቅኔ ነው።

ይህ መከፋፈል ታሪክ አለው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የችሎቱ ቋንቋ ለረጅም ዘመን ፈረንሳይኛ ሆኖ ቆየ፤ «ኤንተር» እና «ዲሴንድ» የመሰሉት ቃላት የዚያ በር እንግዶች ናቸው፣ ሌሎች ብዙ ደግሞ ሊቃውንቱ ከላቲን ያስገቧቸው ናቸው። ማጀቱና እርሻው ግን «ጎ ኢን»፣ «ጎ ዳውን» እያለ ቀጠለ። እኛ የተማርነው ከመጽሐፍ ስለሆነ በቤተ መንግሥቱ በር ገባን፤ ማጀቱን ያየነው ኋላ፣ ሥራ ስንቀጠር ነው። በግዕዝና በአማርኛ መካከል ያለውን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

እንግሊዞቹ ራሳቸው ለባዕድ ከባድ መሆኑን ቀድመው አውቀውታል። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ከግሥ በኋላ ትንሽ ቃል እያስከተሉ ትርጉሙን መለወጥ ለውጭ አገር ሰዎች ከሁሉ የበለጠው ችግር እንደ ሆነ ጽፎ «ብሬክ ኦፍ»፣ «ሴት አውት»፣ «ቴክ ኦፍ» የመሰሉትን በምሳሌነት ደርድሯል። ጆንሰን ለእኛ ፈጽሞ ባዳ አይደለም። በወጣትነቱ ጀሮኒሞ ሎቦ የተባለውን የፖርቱጋል ሚስዮናዊ የአቢሲኒያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1735 አሳትሟል፤ መዝገበ ቃላቱ በወጣ በ4 ዓመቱም ስለ አንድ የአቢሲኒያ ልዑል ልብ ወለድ ጽፏል። ልዑሉን ተዘግቶበት ከነበረው ሸለቆ አውጥቶ ግብፅ ድረስ ሲያደርሰው «ሴት አውት» የምትለውን ቃል ማን እንዳስተማረው አለመጻፉ ይቆጨኛል።

ነገሩ በትክክል የገባኝ ግን ከጆንሰንም ከባልደረባዬም ሳይሆን ከልጄ ነው። የ4 ዓመት ልጅ ሳለች ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር ላይ ቆማ አስቸገረችኝና «ቁጭ በይ!» አልኳት። ቀጥ ብላ እንደ ቆመች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «ቁጭ!» አለች። ተቆጣሁ፤ «ቁጭ በይ እኮ ነው የምልሽ!» «አልኩ እኮ አባዬ! ቁጭ! ቁጭ!» ልታለቅስ ደረሰች። እዚህ የተወለደች ልጅ ናት፤ «በይ» ማለት ተናገሪ ማለት እንደ ሆነ ታውቃለች። በይ ተባለች፣ አለች። ምን አጠፋች? እናቷ መጥታ በእጇ ይዛ እስክታስቀምጣት ድረስ እኔ መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ምሳ በኋላ ጆሮዬ ተከፈተ። ብድግ በል፣ ዝም በል፣ ጠጋ በል፣ ፈቀቅ በል፣ ጎንበስ በል፣ ቀስ በል። እነዚህ ሁሉ ሲተረጎሙ «ጌት አፕ»፣ «ሻት አፕ»፣ «ሙቭ ኦቨር»፣ «ስሎው ዳውን» ናቸው። እኛም ፍሬዛል ቨርብ አለን፤ ስናወራበት ስለምንውል አላየነውም እንጂ። «ብድግ» ብቻዋን ምንድን ናት? ትርጉም አላት፤ ግን እንደ ስም አትረባም፣ እንደ ግሥም አትረባም። «አለ» ደግሞ እዚህ ውስጥ ምንም አይልም፤ እንደ ተሸካሚ ጀርባውን ብቻ ይሰጣል። «ጌት» እና «ፑት» እንደዚሁ ናቸው፤ ጀርባቸውን ይሰጣሉ፣ ሸክሙ ያለው «አፕ» እና «ኦፍ» ላይ ነው።

ሌናርድ ታልሚ የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ተመራማሪ ቋንቋዎችን የጉዞን አቅጣጫ የት እንደሚያኖሩ አይቶ ይለያቸዋል፤ ከፊሎቹ ግሡ ውስጥ፣ ከፊሎቹ ከግሡ አጠገብ በምትቀመጥ ትንሽ ቃል ላይ። እንግሊዝኛ ከኋለኞቹ ነው፤ አማርኛ ከፊተኞቹ መሆኑን ለማየት ምርምር አያሻም። ገባ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ተሻገረ፤ አቅጣጫው ያለው ግሡ ውስጥ ነው። «ሮጦ ወጣ» የሚለውን እንግሊዝኛ «ራን አውት» ይለዋል። ልብ ብላችሁ ብታዩት፣ እኛ ዋና ግሥ ያደረግነው «ወጣ» እነሱ ዘንድ «አውት» የምትባል ኢምንት ሆናለች፤ እኛ «ሮጦ» ብለን ለማጀቢያ ያስቀደምነው እነሱ ዘንድ ዋና ግሥ ሆኗል። ተማሪው ትልቁን ቃል ይዞ ትንሿን ሲጥል የጣለው ዋናውን ፍሬ ነው ማለት ነው።

ይህን ከያዝኩ በኋላ በዝርዝር መሸምደዱን ተውኩት። «ኢት አፕ» ሲሉ «አፕ» ወደ ላይ አይደለችም፤ በልቶ ጨረሰ ከምንለው ውስጥ «ጨረሰ» ናት። እንዲያውም ከዚያ የቀረበ አለን፤ እንክት አደረገው። «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ ማድረግ ነው። አንድን ሰው ካሰበው ነገር «ቶክ አውት ኦፍ» ማድረግ መክሮ ማስተው ነው፤ ምክሩ «ቶክ» ነው፣ ማስተዉ «አውት» ነው። ቤት «በርን ዳውን» ሲያደርግ ወረቀት «በርን አፕ» ማድረጉ ድሮ ያናድደኝ ነበር፤ ቤት ሲነድ ጣሪያው ይወርዳል፣ ወረቀት ሲነድ አመዱ ይበናል፣ በቃ። እኛ ለሁለቱም ዶግ አመድ ሆነ ብለን እናልፈዋለን። «ጊቭ አፕ» ሲሉ ደግሞ እኛ እጅ ሰጠ እንላለን፤ መስጠቱ ከሁለታችንም ዘንድ አለ።

ቃሏ የት ትቀመጥ የሚለውም ያስቸግራል። «ተርን ኢት ኦፍ» ይባላል እንጂ «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም፤ «ሉክ አፍተር ሂም» ይባላል እንጂ «ሉክ ሂም አፍተር» አይባልም። ምልክቱ ጆሮ ውስጥ ነው። «ተርን ኢት ኦፍ» ውስጥ ድምፁ የሚጠነክረው «ኦፍ» ላይ ነው፤ «ሉክ አት ኢት» ውስጥ ግን «ሉክ» ላይ ጠንክሮ «አት» ትዋጣለች። ድምፅ የምትቀበለው ቃል ከግሡ ተነጥላ መቆም ትችላለች፣ የምትዋጠው ግን ከተከታዩ ስም ጋር ተጣብቃ ትኖራለች። እኛ አገር እንግሊዝኛ ስንናገር ግሡን ረግጠን ትንሿን ስለምንውጣት የአገሬው ሰው ሳይሰማን ይቀራል። የራሳችንም መነጣጠል ይችላል፤ «ዝም እንኳ አላለም» ስንል «እንኳ» መሀል ገብታ ተቀምጣለች።

ሁሉም ግን በዚህ መንገድ አይፈታም። አንድ ጊዜ የጥርስ ሕክምና ቀጠሮዬ «ፑሽድ ባክ» መደረጉን በስልክ ነገሩኝ። ለእኔ ወደፊት ማለት ገና የሚመጣው ነው፤ ቀጠሮ ወደ ኋላ ተገፋ ከተባለማ ወዳለፈው ተጠግቷል፣ ስለዚህ ቀድሟል ብዬ ከሥራ አስፈቅጄ 2 ሰዓት ቀድሜ ሄድኩ። ለካ ለሚቀጥለው ሳምንት ተላልፎ ነው። ቢቀድም ኖሮ «ሙቭድ አፕ» ይሉት ነበር። ይህንን አሁንም ስሰማ በልቤ ወዲያና ወዲህ ካላልኩ አይገባኝም፤ ስለዚህ ሳላፍር ቀኑን በቁጥር ንገሩኝ እላለሁ።

ከሁሉ ያስደነቀኝን መጨረሻ ላይ ያቆየሁት ሳላስበው አይደለም። አማርኛ መስተዋድዱን ግሡ ሆድ ውስጥ የሚከትበት ሌላ መንገድ አለው፤ «ለት» እና «በት»። ፈረደለት፣ ፈረደበት። መሰከረለት፣ መሰከረበት። ኳሱን ወረወረለት ስንል ሰውየው ይቀልባል፤ ድንጋይ ወረወረበት ስንል ሰውየው ይሸሻል። እንግሊዝኛ ይህንኑ ልዩነት በሁለት ትናንሽ ቃላት ያደርገዋል፤ «ስሮው ቱ» እና «ስሮው አት»። «ሻውት ቱ» እና «ሻውት አት» እንደዚሁ ናቸው፤ ፊተኛው እንዲሰማ መጣራት ነው፣ ኋለኛው ጮኸበት ነው። «ሳቀበት»ም «ላፍ አት» ነው። አንድ የትምህርት ቤት መምህር ይህን በ10 ደቂቃ አሳይቶኝ ቢሆን ስንት ባዶ ቦታ በእርግጠኝነት እሞላ ነበር።

«በት» ደግሞ ከመጉዳትም ያለፈ ሥራ አላት። መሸብኝ፣ ጠፋብኝ፣ ዘነበብን፣ ጠመንጃው ባረቀበት። ነገሩ በራሱ ሆነ፤ የደረሰው ግን በእኔ ላይ ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ምሬት የለውም ብዬ ነበር የምኖረው፤ ባልደረባዬ አንድ ቀን የስልኩን እጀታ ወርውራ «ሺ ሀንግ አፕ ኦን ሚ!» እስክትል ድረስ። ዘጋችብኝ! «ኦን ሚ» ማለት «ብኝ» ናት። መኪናዬ ተበላሸብኝ፣ «ብሮክ ዳውን ኦን ሚ»። ቁጭቱ ሳይቀር ተተርጉሟል።

ልጄ አሁን 12 ዓመቷ ነው። አማርኛዋ ይሰበራል፤ ግሡንና ስሙን ታገኘዋለች፣ ጫፍ ጫፉ ነው የሚያመልጣት። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ዘግይታ መጣችና ለምን ስልክ አታነሺም ብዬ ጮኽኩባት። ቦርሳዋን መሬት ላይ ጥላ «ሞተብኝ አባዬ፣ ስልኩ ሞተብኝ» አለችኝ። ስልክ አይሞትም፣ ይዘጋል፤ ባትሪ ነው የሚያልቀው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፣ «ብኝ»ዋ ጆሮዬ ላይ ቀረችና ቻርጀሩን ፍለጋ ተነሳሁ።